ማብሪያው ላይ የተሰቀለች ኮፍያ

መስከረም 12

ይድረስ ለእታለም፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ጉልበቷን ቢያማትም ስፌቷን አልተወችም፤ እኔም እንደምታውቂኝ ነኝ፣ አፌ ከእጄ ይቀድማል። በስልክ ብንነጋገር ይሻላል ያልሽው እውነት ነበር፤ ግን ባለፈው ስንጨቃጨቅ የሰማን ጎረቤት ሰው የሞተብን መስሎት በር አንኳኳ። ስለዚህ በደብዳቤ ይሁን። ወረቀት ላይ የሚጮህ ሰው ቢያንስ ሌላውን አያቋርጥም።

ለጥያቄሽ፣ አዎ፣ የላክሽልኝን ማስታወቂያ አንብቤዋለሁ። የሊፍት ባለሙያዎች ማኅበር በኢንተርኔት ገጹ ላይ ሙያቸውን በነፃ ላካፈሉ አባላት ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕውቅና ሊሰጥ ነው፤ የማኅበሩ ጸሐፊ ደግሞ የኔው እህት ነች። የመመዘኛውን ቀመር ያወጣሽው ራስሽ መሆንሽን ሳነብ ለባለቤቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩላት። ባለፈው ክረምት "የበጎ ፈቃድ ሥራ በምን ይለካል?" ብለሽ ስትጠይቂኝ የሳቅሁብሽን ይቅር በይኝ። "በኪሎ" ያልኩሽ መሰለኝ።

አሁን ግን አልስቅም። የምሠራበት ሆስፒታል አዲስ የኢንሹራንስ ውል ሊፈርም ነው። ከጥር ጀምሮ ሊፍት የሚነካ ሰው ሁሉ ወይ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ዲፕሎማ፣ ወይ ከእናንተ ማኅበር "ቀዳሚ ባለሙያ" የሚል የዕውቅና ወረቀት ሊኖረው ይገባል ተብሏል። ዲፕሎማ እንደሌለኝ ታውቂያለሽ፤ እኔ በተማርኩበት ዘመን ትምህርት ቤቱ የአለቃዬ ጥፊ ነበር። አስተዳዳሪው ቢሮው ጠርቶ ወንበር ሳበልኝ። "ወረቀቱን ካመጡ በሥራዎ ይቀጥላሉ፤ ካላመጡ ግን እጄ የታሰረ ነው" አለኝ። በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ወንበር ስቦልኝ አያውቅም፤ የፈራሁትም ለዚህ ነው።

ያ ወረቀት ለግድግዳ ሳይሆን ለሥራዬ ነው የሚያስፈልገኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ቦታ ሄጄ ቅጠሩኝ ብል ማንም ዞር ብሎ አያየኝም፤ ከሊፍት ሌላ የማውቀውም ነገር የለኝም። ደግሞ በዚያ ገጽ ላይ ስንት ዘመን ሰው ስረዳ እንደኖርኩ ታውቂያለሽ። ባለቤቴ "ስልኩን ያገባኸው ከኔ በፊት ነው?" እያለች የምትነዘንዘኝ በሱ የተነሳ ነው። ቅጹ ላይ ስሜንም በገጹ የምጠራበትን "ባለመሰላል" የሚለውንም ሞልቼ ልኬአለሁ። የሚጎድል ነገር ካለ ንገሪኝ፤ የሚጎድል ይኖራል ብዬ ግን አላስብም።

ኮፍያዋን አሁንም ታደርጋታለህ ወይ ብለሻል። በመጀመሪያ ደመወዝሽ የገዛሽልኝን ኮፍያ እንዴት እጥላለሁ? ጫፏ ላይ ያለው ቁልፍ ወልቆ ባለቤቴ ቀይ የሸሚዝ ቁልፍ ተክታበታለች፤ ዶሮ መስያለሁ። ከራሴ የምትወርደው የሊፍቱ ጉድጓድ ስገባ ዋናው ማብሪያ ላይ ልሰቅላት ብቻ ነው። የማብሪያው መቆለፊያ ከጠፋ ብዙ ዘመኑ ነው። ኮፍያዬን ያየ ሰው ግን እኔ ከታች እንዳለሁ ያውቅና ኤሌክትሪኩን አያበራም። መቆለፊያ እንዲገዙ መለመን ትቻለሁ፤ ኮፍያዋ ትበልጣለች።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ


መስከረም 29

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? የእትዬ ጉልበት እንዴት ሆነላት? ሙቅ ውሃ ይዛበታለች ወይ? እኛ ደህና ነን፤ ልጆቹ ተራ በተራ ጉንፋን ይዟቸው ነበር፣ አሁን ተሽሏቸዋል። ትልቁ ጥርሱ ወልቆ ሲያወራ እንደ አባቱ ያፏጫል። ቢሯችንን ቀለም ቀብተውልናል፤ ሽታው ገና አልለቀቀም። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርግልኝ። እዚህ ሁላችንም በዕውቅናው ሥራ ተጠምደናል።

ከሰላምታዬ ብዛት እንደጠረጠርክ አውቃለሁ። ጋሼ፣ ውጤቱ ወጣ። "ባለመሰላል" የሚለው ስም ከመጨረሻዎቹ ጋር ነው።

ቀመሩ የሚቆጥረው በገጹ አደባባይ ለተለጠፈ ጥያቄ የተሰጡ መልሶችን፣ ከመልሱም ሥር "አመሰግናለሁ" የሚለውን የተጫኑ ሰዎችን ነው። ባንተ ስም የተገኘው ጥቂት የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክት፣ አንድ የሐዘን መግለጫ፣ እንዲሁም "ይህ ሊፍት ሳይሆን ጠያቂው ነው ሐኪም የሚያስፈልገው" የሚል ቀልድ ነው። ቀልዱን ብዙ ሰው ወዶልሃል፤ ግን ነጥብ አያሰጥም። ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ደጋግሜ አስቆጠርኩት። መልሶችህ የት ሄዱ? ቤትህ በመጣሁ ቁጥር እራት እየበረደብህ ትጽፈው የነበረው ሁሉ የት ነው ያለው?

እኔ ልመሰክርልህ አልችልም። ሰብሳቢያችን በሁሉም ፊት "ዘመዱ የተወዳደረ ሰው እጁን አያስገባም" ብለዋል፤ ሲናገሩም የሚያዩት እኔን ነበር። የኔም ውል ጥር ላይ ነው የሚታደሰው። ይህን የምነግርህ እንድታዝንልኝ ብዬ አይደለም፤ እንዳትቀየመኝ ብዬ ነው።

አንድ መንገድ ግን አለ። የረዳሃቸው አባላት በምን እንደረዳሃቸው ለኮሚቴው ቢጽፉ ታይቶ ሊያዝልህ ይችላል። የማታውቀኝ መስለህ አስጽፋቸው።

እህትህ


ጥቅምት 10

ይድረስ ለእታለም፣

የልጆቹን መዳን በመስማቴ ደስ ብሎኛል። ደብዳቤሽን ለባለቤቴ አላነበብኩላትም፤ እንዲህ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው። እሷም ፊቴን አይታ ምን አለች ብላ አልጠየቀችኝም።

መልሶችህ የት ሄዱ ብለሻል። ጓዳ ናቸው።

እኛ አባላቱ የገጹን አደባባይ ሳሎን እንለዋለን፤ ለብቻ መልእክት የምንለዋወጥበትን ደግሞ ጓዳ። እኔ ሳሎን መቀመጥ የተውኩት ድሮ ነው፣ ምክንያቱንም ልንገርሽ። በሌላ ከተማ ሆስፒታል የሚሠራ አንድ የልጆች አባት ሳሎን ገብቶ ጠየቀ። ሊፍቱ በሁለት ፎቅ መካከል ቆሟል፣ ውስጡ አልጋ ላይ የተኛች በሽተኛ አለች፣ ፍሬኑን በእጄ አላቅቄ ሳጥኑን እንዴት ዝቅ ላድርግ አለ። ነገርኩት፤ ሴትየዋም በሰላም ወጣች። አለቃው ግን ገጹን ያነብ ኖሯል። "ይህን የማያውቅ ሰው ነው የቀጠርኩት?" ብሎ አሰናበተው። እኔ የሰማሁት ሰውየው ሊያመሰግነኝ ሲጽፍልኝ ነው። ሥራውን አጥቶ እኔን ያመሰግናል። ደብዳቤውን ሳነብ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በእኛ ሙያ አላውቅም ያለ ሰው ከሥራ ይወጣል፤ አላውቅም ማለትን የፈራ ደግሞ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ሳሎን ውስጥ የጨነቀው ሰው ባየሁ ቁጥር "ያንን አጥፋና ጓዳ ና" እለው ጀመር። ጓዳ ገብተን እንጨርሰዋለን። አንድ ሕግ ብቻ ነበረኝ። ሠርተህ ስትጨርስ አሠራሩን ራስህ እንዳገኘኸው አድርገህ ሳሎን ለጥፈው፣ ሌላውም ይማርበት፣ አለቃህም ይኩራብህ፤ የኔን ስም እንዳታነሳ፣ ስሜ ከተነሳ መጠየቅህ ታወቀ ማለት ነው። ሁሉም እሺ አሉኝ። እሺ ለማለት የዘገየ ሰው አላስታውስም።

ትሑት ሆኜ እንዳይመስልሽ። እኔና ትሕትና እንደማንተዋወቅ አንቺ ምስክሬ ነሽ። መልሴ በሌላ ሰው ስም ሲሞገስ እያየሁ ሞተር ክፍል ውስጥ ብቻዬን እስቅ ነበር። ይህን ሁሉ የማስተምረው እኔ ነኝ፣ ማንም አያውቅም እያልኩ እንደ ንጉሥ ይሰማኝ ነበር። ንጉሥነቱን ራሴ የሾምኩት ስለሆነ ማን ያወርደኛል ብዬ ነበር፤ ቀመርሽ አወረደኝ።

አንቺን አልወቅስም። ቀመሩ የሚያየውን ቆጥሯል። ግን እታለም፣ በእኛ ገጽ ዋናው ሥራ የት እንደሚሠራ አንድ ሰው እንኳ ብትጠይቂ ኖሮ ይነግርሽ ነበር። እኔን ጠይቀሽኝ በኪሎ አልኩሽ፤ እሱስ እውነት ነው።

ምስክር ግን አልለምንም። አንድ ሰው ለኔ ለመመስከር መጀመሪያ አላውቅም ነበር ብሎ መጻፍ አለበት። ያንን እንዳይጽፍ ነበር ድካሜ ሁሉ።

ወንድምሽ

ይህን አሽጌ ካስቀመጥኩ በኋላ ባለቤቴ ፖስታውን ቀድዳ አነበበችው። "ጥር ላይ ኩራትህን ቀቅለን እንበላዋለን" አለችኝ። ምስክርነቱ ለማን ነው የሚጻፈው? እስከ መቼስ ይቀበላሉ?


ኅዳር 3

ለጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? እትዬ ለትንሿ የላከችው ቀሚስ ልክ ሆኖላታል፤ አላወልቅም ብላ ለብሳው ተኛች። እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ። በስልክ በላክሃቸው መልእክቶች የአየሩን ሁኔታ ጠይቀሃል፣ ቀዝቅዟል። ጤናዬንም ጠይቀሃል፣ ደህና ነኝ። በሦስቱም መልእክቶችህ ደግሞ ስንት ሰው ጻፈ ብለሃል። ያልመለስኩልህ ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም።

አንዱ "ባለመሰላል ጥሩ ሰው ነው፣ ያስቃል" ብሎ ጻፈ። በምን ረዳህ ተብሎ ሲጠየቅ "በሞራል" አለ። ሰብሳቢያችን ለሚያስቅ ሰው የተዘጋጀ ዘርፍ የለንም አሉ። ሌላው ረጅም፣ በጣም ደስ የሚል ደብዳቤ ላከ፤ ስሙንና የሠራውን ሁሉ ሳይደብቅ ጻፈ። እያነበብኩ አለቀስኩ። በማግስቱ ደውሎ የክፍል ኃላፊ ሊሆን መሆኑን ነግሮ ደብዳቤውን መለሰ። አንዲት ሴት ባለሙያ ደግሞ በስልክ ሁሉንም ነገረችኝ፣ አንተ ባትኖር ሁለት እጇን ታጣ እንደነበር ጭምር። ጻፊው ስላት ድምጿን ዝቅ አደረገች። ከዚያ "ሴት ሆኜ እዚህ ለመድረስ ምን እንዳየሁ አታውቂም፤ አላውቅም ነበር ካልኩ ያበቃልኛል" አለችኝ።

ያ የልጆች አባት፣ ከሥራ የወጣው፣ ሳይጠየቅ ጽፏል። እንዴት እንደሰማ አላውቅም። ሁሉንም አስረድቶ ፈርሞበታል። ግን ሙያውን ትቶ ሱቅ ከፍቷል፣ አባልነቱም ተሠርዟል፤ አባል ያልሆነ ሰው ምስክርነት በደንቡ አይያዝም። ደንቡን የተየብኩት እኔ ነኝ።

አንደኛ ማን ወጣ ያልከውን ከገጹ ላይ ብታየው ይሻላል። የዕውቅናውን ዓርማም ጠይቀኸኛል። ተመርጧል። የሣለው ሰው የታወቀ ሠዓሊ ነው፤ ሥራው ጥሩ ነው። ሲወጣ ታየዋለህ።

ስለ ዓርማው ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

እህትህ


ኅዳር 18

ይድረስ ለማኅበሩ ጸሐፊ፣

ሰላምታው ለዛሬ ይቅር።

ገጹን ከፍቼ አየሁት። አንደኛ የወጣው "ወርቅ እጅ" ነው። ከሁሉም በላይ ጓዳዬን ያጣበበው እሱ ነው። ጠዋት ጠይቆኝ፣ ከሰዓት ሠርቶ፣ ማታ ሳሎን ይለጥፍ ነበር። ሕጌን እንደሱ ያከበረልኝ ሰው የለም፤ የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው። ሌባ ብዬ እንዳልሰድበው የራሴ ነው በል ያልኩት እኔው ነኝ።

ጽፌለት ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ያውም ባለቤቴ ከጎኔ ቆማ፣ ሁለት መስመር መስክርልኝ አልኩት። መልሱን ልገልብጥልሽ። "አባቴ፣ ውለታዎ አለብኝ፣ እንደ እርስዎ ያለ ሰው አይገኝም። ግን አሁን ነገሩን ማንሳቱ ለሁለታችንም አይበጅም። እኔም ሥራ አለኝ። እርስዎም ስምዎ እንዳይነሳ ይወዱ ነበር።" አባቴ አለኝ እኮ። ሰው እየገፋ እንዲህ የሚያቆላምጥ አይቼ አላውቅም።

ይህንን እችለው ነበር። ዓርማውን ግን አልቻልኩትም።

ወርቅ እጅ ብዙ ምስጋና ያገኘበት መልስ ሰው ጉድጓድ ሲገባ ኤሌክትሪኩ እንዳይበራበት ምን ያድርግ የሚለው ነው። "ኮፍያህን ማብሪያው ላይ ስቀል" ብሏል። ከሥሩም ፎቶ አለ። ፎቶው የኔ ሞተር ክፍል ነው፤ ጓዳ የላክሁለት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የየአገሩ ባለሙያ ኮፍያውን እየሰቀለ ፎቶ ሲልክ ነበር፤ እኔም እያየሁ ስስቅ ነበር። አሁን ማኅበራችሁ ያንን ፎቶ አስሥሎ የዕውቅናው ዓርማ አደረገው። ማብሪያ፣ ማብሪያው ላይ ኮፍያ፣ ከኮፍያው ጫፍ ላይ ቀይ ቁልፍ። ሠዓሊው በእውነት ጎበዝ ነው፤ ቁልፉ የተሰፋበትን ነጭ ክር እንኳ አልረሳም። ባለቤቴ ቀይ ክር አልቆባት በነጭ ነበር የሰፋችው። ባለቤቴ ስታየው እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች።

አንቺ ያንን ኮፍያ በገዛ እጅሽ ነው የገዛሽው። ቀይ ቁልፉን ታውቂዋለሽ፤ ዶሮ መስያለሁ ብዬ በመስከረም ጽፌልሻለሁ። ሥዕሉ ጠረጴዛው ላይ ሲቀርብ ቃለ ጉባኤ ትይዢ ነበር፣ ጸሐፊ አይደለሽ? ይህ የወንድሜ ኮፍያ ነው ለማለት ስንት ቃል ይጠይቃል? ምላስሽን ምን ያዘው?

አሳድጌሻለሁ አልልም። ያንን የሚል ወንድም አልወድም። ብቻ ንገሪኝ፣ ሥዕሉን ስታዪው ምን ተሰማሽ? ለዚህ መልስ ስጪኝና ሌላው ይቅር።

ባለመሰላል


ታኅሣሥ 2

ለክቡር የማኅበሩ አባል፣

ጉዳዩ፦ የዕውቅና ማመልከቻዎን ይመለከታል

ለዘንድሮው የበጎ ፈቃድ አስተዋጽኦ ዕውቅና ያቀረቡትን ማመልከቻ ኮሚቴው በጥሞና ተመልክቷል። ሆኖም በገጹ ላይ በስምዎ የተመዘገበው አስተዋጽኦ ለ"ቀዳሚ ባለሙያ" ደረጃ የሚያበቃዎ ሆኖ አልተገኘም። ማኅበሩ ለተሳትፎዎ ያለውን አክብሮት እየገለጸ፣ ወደፊት መልሶችዎን ለሁሉም አባላት በሚታይ ቦታ እንዲያካፍሉ ያበረታታዎታል።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
የማኅበሩ ጸሐፊ

ጋሼ፣ ከላይ ያለው ለሁሉም የተላከ ነው፤ የሚፈርመው ጸሐፊው ስለሆነ ፈረምኩ። "እርስዎ" ብዬህ ስጽፍ እጄ እምቢ አለኝ። ለጥያቄህ መልስ ለመጻፍ ብዙ ወረቀት ቀደድኩ። ትንሽ ጊዜ ስጠኝ።


ታኅሣሥ 20

ለወንድሜ፣

እንደምን አለህ ብዬ ለመጠየቅ ፊት የለኝም፤ ግን እንደምን አለህ? ጥር እየቀረበ ሲሄድ አንተን ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም።

ሥዕሉን ሳየው ምን ተሰማሽ ብለሃል። መጀመሪያ ደስ አለኝ። እውነቱ ይህ ነው፣ ደስ አለኝ፤ የጋሼ ኮፍያ ብዬ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሰብሳቢው "የኛ ወርቅ እጅ የፈጠረው ምልክት" ሲሉ ዘጋሁት። ከዚያ በየስብሰባው ዛሬ እናገራለሁ እያልኩ ወረቀት ሳገላብጥ ከረምኩ። ፈራሁ ጋሼ። የፈራሁትም ለልጆቼ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ ለራሴም ነበር።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ በኋላ ተናገርኩ። ሁሉም ባሉበት ብድግ ብዬ ኮፍያው የወንድሜ ነው፣ ፎቶውም የእሱ ሞተር ክፍል ነው፣ ሐሳቡም የእሱ ነው፣ ስንቶቻችሁን እሱ ጓዳ ውስጥ እንዳስተማረ ታውቃላችሁ አልኩ። አንዳቸውም አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወርቅ እጅም ነበር፣ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካል። ሰብሳቢው ሥዕሉን አነሱና ረጅም ጊዜ አዩት። ሊያስተካክሉት ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ "ለመሆኑ ኮፍያዋ አሁን የት ነች?" ብለው ጠየቁኝ።

ወረቀቶቹ ታትመዋል፣ ስሞቹ አይቀየሩም። ዋናዋ ኮፍያ ግን ከተገኘች በመስታወት ሣጥን ውስጥ አዳራሹ በር ላይ ትቀመጣለች፣ እንግዶች ሲገቡ ያዩዋታል ተብሏል። ሥሯ የማን ስም ይጻፋል ብዬ ጠየቅኩ። "የማኅበሩ ኮፍያ ይባል፣ ከግለሰብ ጋር ባናያይዘው ይሻላል" አሉኝ። ከወርቅ እጅ እንዳይጠይቁ ደግሞ እሱ ኮፍያ አድርጎ አያውቅም።

እንድጠይቅህ ታዘዝኩ። አልጠይቅም ለማለት አስቤ ነበር፤ ግን አንተ ሳታውቀው በኔ ውሳኔ እንዲቀር አልፈለግኩም። እስካሁን ዝም ያልኩት ይበቃል። ትልካት ይሆን? እምቢ ካልክ እምቢታህን ቃል በቃል አነብላቸዋለሁ።

ውሌ ከጥር ቀድሞ ታድሷል። ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው።

እህትህ


ጥር 4

ይድረስ ለእታለም፣

ሰላም ለአንቺና ለልጆቹ። ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች፤ ጉልበቷ ተሽሏታል፣ ኑሯችንም እንግዲህ በስፌቷ ላይ ወድቋል። ውልሽ በመታደሱ ደስ ብሎኛል። ይህን ከልቤ ነው የምልሽ፣ ከግማሹ። ሌላው ግማሽ ገና አልበረደለትም፣ አትቸኩዪበት። ተነስተሽ መናገርሽን ግን ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

የሞተር ክፍሉን ቁልፍ አስረክበህ ወጣህ ወይ ብለሽ በስልክ የላክሽውን መልእክት አይቻለሁ። አዎ። ትናንት አዲሱ ባለሙያ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ ልብሱ ንጹሕ ነው፣ ደረቱ ላይ የእናንተን ዓርማ ለጥፏል። ጣሪያ ላይ ያለችውን ሞተር ክፍል አሳየሁት፤ ወሮበላ እርግቦቼን፣ የምትንጫጫዋን ቀበቶ፣ ዝናብ ሲጥል የሚያለቅሰውን ግድግዳ ሁሉ አስተዋወቅኩት። ዓርማውን ትክ ብዬ ሳይ ጊዜ "ታሪኩን ያውቁታል?" አለኝ። አላውቅም አልኩት። በትዕግሥት አስረዳኝ፤ ወርቅ እጅ የሚባል ታላቅ ባለሙያ እንዴት እንደፈጠረው ነገረኝ። እጅግ የሚገርም ነው አልኩት። ኮፍያዬ ራሴ ላይ ነበረች፣ ቀዩ ቁልፍ ሳይቀር።

ከዚያ ዋናውን ማብሪያ አጠፋና ጉድጓዱን ሊያይ ወረደ። ማብሪያው ላይ ምንም አልሰቀለም። ኮፍያ የለውም፤ ሸሚዙንም፣ ቦርሳውንም፣ ምንም። ዓርማውን ደረቱ ላይ ይዞት ወረደ።

እኔ ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ነበር። ከእንግዲህ አያገባኝም አልኩ፤ ድምፄን አውጥቼ ነው ያልኩት፣ እርግቦቹ ሰምተዋል። አስተዳዳሪው በትህትና የነገረኝም ይህንኑ አይደል? መፍቻዎቼን በጨርቅ ጠቀለልኩ። ጨርቁን ፈታሁና እንደገና ጠቀለልኩት። ባለሙያውን ብጠላው ይቀለኝ ነበር፣ ግን ምንም አላደረገኝም። ንዴቴን የማሳርፍበት ሰው ፈልጌ እሱን ብቻ ነው ያገኘሁት፣ እሱም ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከዚያ እጄ ኮፍያዬን ከራሴ አንስቶ ማብሪያው ላይ ሰቀላት። እኔ አላዘዝኩትም። የልማድ ነገር ነው እንጂ ደግነት እንዳትዪው።

የሆስፒታሉ ዘበኛ ደረጃውን እያለከለከ ወጣ። ሐኪሞቹ ሊፍቱ ቆመ ብለው ጮኸውበት ሊያበራው ነው። እኔ ከሞተሩ ጀርባ ዕቃዬ ላይ ጎንበስ ብዬ ስለነበር አላየኝም። እጁን ወደ ማብሪያው ሰደደ፤ ኮፍያዋን ሲያይ መለሰው። "ይቅርታ አባባ፣ እንዳሉ አላወቅኩም" አላት። ለኮፍያዋ ነው ያላት። እንደመጣ ተመልሶ ወረደ።

እኔም በሌላው ደረጃ ወረድኩ። ባዶ ራሴን ነው ቤት የገባሁት።

ስለዚህ የጠየቅሽኝን ኮፍያ ልልክልሽ አልችልም፤ ለሰብሳቢሽ ቃል በቃል አንብቢለት። ማብሪያው ላይ ናት። ሰውየው ከጉድጓዱ እስኪወጣ መነሳት አልነበረባትም፤ እኔ ደግሞ ልጠብቀው አልፈለግኩም።

ወንድምሽ